ወላጅ ጎጆ ሲወጣ

በአገራችን ልማድ ጎጆ የሚወጣው ልጅ ነው። ወንድ ልጅ ሚስት ባገባ ጊዜ አባት ከግቢው ጥግ ወይም ከእርሻው ዳር ቦታ ይሰጠዋል፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ እንጨት ይቆርጥለታል፥ ጭቃ ያቦካለታል፥ ሣር ያጭድለታል፤ ሙሽሮቹም ወደ አዲሲቱ ቤት ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ ጎጆ ወጣ ይባላል፤ ወላጅም ደስ ይለዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት ያሰብነው ግን የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። ይኸውም ትልቁ ቤት የልጅ ሆኖ፥ ያረጁ እናት ወይም አባት፥ አለዚያም ባሏ የሞተባት አክስት፥ በልጅ ግቢ ውስጥ ለብቻ በተሠራች ትንሽ ቤት ስለ መኖራቸው ነው።

በደባርቅና በዳባት ከአውራ ጎዳናው ገባ ብሎ ግቢዎቹን ለሚመለከት ሰው እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቤቶች እዚህም እዚያም ይታዩታል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ልጆች በመንግሥት ሥራ ወይም በንግድ ከተማ ገብተው ቀሩ፤ ወላጆች በገጠር ብቻቸውን አረጁ። አንዳንዶቹንም ሕመም አመጣቸው፤ ሐኪም ቤት ለመቅረብ ሲሉ የኖሩበትን ቀዬ ተዉት። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩት ቤተሰቦች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ ሽማግሌው ከልጁ ጋራ ዕቃውን ጭኖ ወርዷል። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያም ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ በዘመድ ተጠግቷል።

የመጣውን አረጋዊ ዘመድ ለጊዜው ከልጆች ጋራ በአንድ ክፍል ማስተኛት ይቻላል። ጊዜው ሲረዝም ግን ችግሩ ይገለጣል። ልጆቹ እስከ እኩለ ሌሊት መብራት አብርተው ያጠናሉ፤ አያት ገና በጊዜ ጋደም ማለት ትፈልጋለች። እነርሱ እንቅልፍ ሲይዛቸው ደግሞ እርሷ ለጸሎት ትነሣለች። ቆብ የደፋች እንደ ሆነችማ ነገሩ ይብሳል፤ በአንድ በኩል ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፥ በሌላ በኩል እርሷ ዳዊቷን ትደግማለች። ስለዚህ «ለእናታችን ትንሽ ቤት እንሥራላት» የሚል አሳብ በቤተሰቡ መካከል ይነሣል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ይህ አንድ አሳብ ከሁለት ልብ ሊወጣ ይችላል፤ ከአንደኛው ልብ ለማክበር፥ ከሁለተኛው ለማራቅ። ከየትኛው እንደ ወጣ የቤቱ ቦታ፥ የበሩ አቅጣጫና የክዳኑ ነገር ይመሰክራሉ። ስለ ድንጋይና ስለ ጭቃ ለመናገር የተነሣነውም ስለዚህ ነው።

በአንድ አጥር ውስጥ ትውልድ በትውልድ ላይ ቤት እየጨመረ መኖሩ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጎንደር የሚገባ ሰው የፋሲልን ግቢ ያያል። ዐፄ ፋሲል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 ከተማውን ከቆረቆሩ በኋላ ግንባቸውን ሠሩ፤ ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስ የአባታቸውን ቤት አላፈረሱም፥ የራሳቸውን በአጠገቡ አቆሙ። ታላቁ ኢያሱ ሌላ ጨመሩ፤ ዳዊት የዜማውን አዳራሽ፥ በካፋም የራሳቸውን ሠሩ። ነገሩን በጥሞና ለሚያየው ሰው ያ ግቢ ምንም የነገሥታት ቢሆን፥ ሥርዓቱ ከአንድ ጎንደሬ ባላገር ግቢ የተለየ አይደለም፤ ልጅ የአባቱን ቤት ሳይነካ በአጠገቡ ቤት ይሠራል። እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ባላቸው በካፋ በ1730 ካረፉ በኋላ ለልጃቸው ለኢያሱ፥ ቀጥሎም ለልጅ ልጃቸው ለኢዮአስ አማካሪና ጠባቂ ሆነው ሲኖሩ፥ ከከተማው ወጣ ባለው ኮረብታ ላይ በቍስቋም ቤተ ክርስቲያንና መኖሪያ አሠሩ፤ በ1773 እስኪያርፉም ድረስ ቤታቸው እዚያ ነበረ። ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እቴጌይቱ ወደ ቍስቋም የወጡት በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ ቦታውንም የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ባለ ጉዳዩም ሁሉ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ከልጅ ቤት ወጥቶ ለብቻ መኖር ሁልጊዜ መገለል አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛ ምሳሌያችን ሁላችንም ከቅዳሴ በኋላ ስትተረጐም የሰማናት የሱነም ሴት ናት። ይህች ሴት ነቢዩ ኤልሳዕ በደጇ በሚያልፍበት ጊዜ ሁሉ እንጀራ ይበላ ዘንድ ታስገባው ነበር። በኋላም ከባሏ ጋራ ተማክራ በሰገነቱ ላይ ትንሽ ክፍል አሠራችለት፤ በውስጡም አልጋ፥ ጠረጴዛ፥ ወንበርና መቅረዝ አኖረችለት። በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የቤት ዕቃ ዝርዝር ይህ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው የምትበቃ ቤት ለመሥራት ለሚያስብም ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘንም። አልጋው ለዕረፍት ነው፤ ጠረጴዛው የሚያነበውን የሚያኖርበት ነው፤ መቅረዙ በሌሊት ለሚነሣ ነው። ወንበሩስ? አንድ ሰው በአልጋው ላይም መቀመጥ ይችላል። ወንበር ያለበት ቤት እንግዳ የሚቀበል ቤት ነው፤ ሱነማዊቷ ነቢዩ እንዲያድርበት ብቻ ሳይሆን ሰው እንዲጠይቀው አስባ ነበር ብለን እንገምታለን። ክፍሉን የሠራችውም ከቤቷ ርቃ ሳይሆን በራሷ ጣራ ላይ ነው።

ወደ አገራችን ነገር እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዳባት ብዙ በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ አዲስ የተሠራች ቤት አይተን ነበር። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ለእናቱም ያልሳሳ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፥ ክዳኑ ቆርቆሮ፥ መስኮቱ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፥ ግድግዳው በኖራ የነጣ ነው። ባዶ መሬት የተገኘው ከማድ ቤቱ ጀርባ ስለ ነበረ ቤቲቱ እዚያ ቆመች፤ በሯም ወደ ኋላው አጥር ዞረ። እናቲቱ የመነኰሱ ናቸው። ገብተን ተሳልመን፥ «እማሆይ፥ ቤቱ እንዴት ነው? ተስማማዎ ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፥ «ቤቱስ ደኅና ነው ልጆቼ፥ እግዚአብሔር ይስጠው። ሰው የሚያልፍበት አይደለም እንጂ» አሉን። በኋላም ሁለተኛ በሄድን ጊዜ እማሆይ በአዲሲቱ ቤት አልነበሩም፤ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ጥሬ እየለቀሙ አገኘናቸው። ከማለዳ እስከ ምሽት የሚውሉት እዚያ እንደ ሆነ፥ ወደ ቤታቸው የሚገቡት ለመኝታ ብቻ እንደ ሆነ ምራታቸው ነገረችን። ልጅየው ነገሩን ሲረዳ ቤቱን አላፈረሰም። በትልቁ ቤት አንጻር ባለው ግድግዳ ላይ አዲስ በር አስከፈተ፤ የኋላውን በር ግማሹን ደፍኖ መስኮት አደረገው፤ ከማድ ቤቱ ጥግም አንድ ክንድ ተኩል ያህል አስነሥቶ መተላለፊያ አበጀ። የሁለት አናጢዎች የሦስት ቀን ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በመጀመሪያ የሚያልፉት በአያታቸው ደጅ ነው፤ ቆሎም የሚዘግኑት ከዚያ ነው።

እንግዲህ ቦታ ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ባዶ መሬት የት አለ የሚለው መሆን የለበትም። የግቢው ሰው በቀን ውስጥ የሚመላለስበት መንገድ የት ነው ብለን እንጠይቅ፤ ከውኃው ቧንቧ ወደ ማድ ቤት፥ ከማድ ቤት ወደ ትልቁ ቤት፥ ከትልቁ ቤት ወደ ውጭ በር። ትንሿ ቤት ከዚህ መንገድ ዳር ትቁም፤ በሯም ከትልቁ ቤት በር ጋራ ይተያይ። ርቀቱን በሜትር ከመወሰን ይልቅ በድምፅ መወሰን ይሻላል። እናት በተኛችበት ሆና በደከመ ድምፅ ብትጣራ በትልቁ ቤት የተኛ ሰው ይሰማት ዘንድ ይገባል። ይህንንም ከመሠረቱ በፊት መሞከር ይቻላል፤ አንድ ሌሊት ልጅየው በታሰበው ቦታ ቆሞ ይናገር፥ ሚስቱም ከመኝታዋ ሆና ትስማ። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን ጩኸትም አይሰማም፤ ስለዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል ገመድ ዘርግቶ በወዲያኛው ጫፍ ቃጭል ማንጠልጠል ርካሽና አስተማማኝ ዘዴ ነው።

ስለ ብርድ የምንለው ይበዛል፤ አገራችን ደጋ ነውና። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው ደባርቅ ከ2800 ሜትር ይበልጣል። በተራራ በ1000 ሜትር ከፍታ ልዩነት ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ በትምህርት ቤት የተማርነው ነው፤ ስለዚህ ደባርቅ ከጎንደር በአራት ወይም በአምስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ወጣት ሰው ይህን በጋቢና በሥራ ያሸንፈዋል። የአረጋዊ ሰው ደም ግን ሙቀት አይይዝለትም፤ መገጣጠሚያው ይታሰራል፤ እየቀዘቀዘው መሆኑንም ራሱ ሳያውቀው ይቀራል። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የታየን የቤት ዓይነት እንዳለ አምጥቶ በደባርቅ ማቆም የማይበጀው ስለዚህ ነው።

የአባቶቻችን ክብ ቤት ለብርድ የተመቸ መሆኑን በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ወለሉ 12 ካሬ ሜትር የሆነ፥ ርዝመቱ 4 ወርዱ 3 ሜትር የሆነ ቤት የግድግዳው ዙሪያ 14 ሜትር ነው። ያንኑ 12 ካሬ ሜትር ወለል በክብ ብንሠራው ዙሪያው ከ12 ሜትር ከሩብ ብዙም አያልፍም። ግድግዳ ባነሰ ቍጥር ድንጋዩም ጭቃውም ይቀንሳል፤ ብርድ የሚገባበትም ስፍራ ያንሳል። ነገር ግን ክቡ ቤት ነውር አለው፤ አልጋና ሣጥን ከግድግዳው ጋራ አይገጥሙም፥ ቆርቆሮም ለክብ ጣራ ሲቆራረጥ ይባክናል። ለዚህ ነው ዛሬ ሰው ሁሉ ወደ ማዕዘናሙ ቤት የዞረው። እኛም ማዕዘናሙን አንነቅፍም፤ ይሁን እንጂ 4 በ 3 ሜትር ለአንድ ሰው በቂ መሆኑን፥ ከዚያ ያለፈው የሚሞቀው ባለመኖሩ ለእናት ሸክም እንጂ ስጦታ አለመሆኑን እንመክራለን። ጣራውንም ከፍ ማድረግ ለዓይን ያምራል፤ ሙቀቱ ግን ወደ ላይ ወጥቶ ይቀራል።

ግድግዳው የድንጋይ ካብ ሆኖ በጭቃ የተገነባ እንደ ሆነ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይሰጣል። የእንጨት እንደ ሆነ ማገሩ ጠበቅ ብሎ፥ ከውስጥም ከውጭም ጭድ በበዛበት ጭቃ ይመረግ። እንጨቱ የግቢው ወይም የገበያው ባሕር ዛፍ ይሁን፤ ከፓርኩ ክልል አስታ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው፥ ለእናት በሚሠራ ቤት ላይ ደግሞ የተሰረቀ እንጨት አይስማማም። ክዳኑ የሣር ቢሆን ሞቃት ነበር፤ ነገር ግን በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል፥ እሳትም ይፈራል፥ በከተማም ሣሩ እየጠፋ ሄዷል። ቆርቆሮ እንደ ሆነ ያለ ኮርኒስ ፈጽሞ አይተው። ባዶ ቆርቆሮ ቀን ያነዳል፥ ሌሊት ውርጩን ያወርዳል፥ ወደ ንጋት ላይም የሰው ትንፋሽ በቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ጤዛ ሆኖ ከተኛው ሰው ላይ ይንጠባጠባል። ከሥር አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ጆንያ ወጥሮ በኖራ መቀባት እንኳ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

እዚህ ላይ ድምፃችንን ከፍ አድርገን የምንናገረው አንድ ነገር አለ፤ አንባብያን ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን እንዳይረሱ እንለምናለን። ቤቲቱ ትንሽ፥ ግድግዳዋ የጠበቀ፥ ኮርኒሷ የተወጠረ በሆነች መጠን ሞቃት ትሆናለች፤ በዚያው መጠንም ከሰል የሚነድባት እንደ ሆነ ገዳይ ትሆናለች። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛም አየር ያወጣል። ይህ አየር ሽታ የለውም፥ መልክ የለውም፥ ጢስ አይደለምና ዓይን አያቃጥልም። በደም ውስጥ ገብቶ የጤናማውን አየር ቦታ ይይዛል፤ ሰውየው ራሱን ያመዋል፥ ይደክመዋል፥ እንቅልፍ መስሎት ይተኛል፥ ከዚያም አይነሣም። ፍሙ ቀልቶ ጢሱ ካለቀ አይጎዳም የሚለው የብዙ ሰው እምነት ስሕተት ነው፤ ጢስ የሌለው ቀይ ፍምም ይህንኑ መርዝ ያወጣል። በበዓል ሌሊት ቡና የተፈላበት ምድጃ በተዘጋ ቤት አድሮ ቤተሰብ ያለቀበትን ወሬ ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ? ስለዚህ እናት ከመተኛቷ በፊት ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ከኮርኒሱ በታች በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ላይ መዳፍ የሚያክሉ፥ የማይዘጉ የአየር መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎች ይተዉ፤ ብርድ ይገባል ብሎ በጨርቅ የሚደፍናቸው እንዳይኖርም ለሁሉ ይነገር። የመኝታውን ሙቀት በሌላ መንገድ መስጠት ይቻላል። ሙቅ ውኃ የተሞላ፥ ክዳኑ የጠበቀ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር በኩል ማኖር፥ ከፍራሹ ሥር ቁርበት ማንጠፍ፥ ከአልጋው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም ምንጣፍ መስቀል፤ እነዚህ ሁሉ ማንንም አይገድሉም።

ስለ በሩ ደግሞ እንበል። በቀድሞው ቤታችን ደፉ ከፍ ያለ፥ መቃኑ ዝቅ ያለ ነበር፤ ገቢው እግሩን አንሥቶ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ለጎልማሳ ይህ የትሕትና ምልክት ነው፤ ለሰማንያ ዓመት እናት ግን የዳሌ አጥንት መስበሪያ ነው። ደፉ ከወለሉ ጋራ ይስተካከል፤ የዝናቡን ውኃ ለመመለስ ከውጭ በኩል ተዳፋት ያለው ድንጋይ ይነጠፍ፥ ዙሪያውንም ቦይ ይቆፈር። ደረጃ የግድ የሆነ እንደ ሆነ የአንዱ ከፍታ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይለፍ፥ ከዳሩም የሚያዝ እንጨት ይተከል። የበሩ ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ዛሬ በምርኩዝ የምትገባ እናት ነገ በሁለት ሰው ተደግፋ ትገባ ይሆናልና፥ ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚያልፍበት በር ባይሆንም ገደድ ብሎ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። መወርወሪያውም ከውጭ ሊከፈት የሚችል ይሁን።

አልጋው ሰው ተቀምጦበት እግሩ መሬት የሚረግጥ፥ ሲነሣም የማያስጨንቅ፥ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ይሁን። መደብ ሞቃት ነው፥ ልማዳችንም ነው፤ ነገር ግን ዝቅ ያለው መደብ ጉልበቱ ለደከመ ሰው ጕድጓድ ማለት ነው። መስኮቱን ብዙ አናጢዎች በቆመ ሰው ዓይን ልክ ያደርጉታል። የተኛች እናት ሰማይ ብቻ ታያለች። ታችኛው ደፉ ከወለሉ ከ70 ሳንቲ ሜትር ባያልፍ፥ በታመመች ቀን እንኳ ጋደም ብላ ግቢውን፥ ዶሮዎቹን፥ ከበር የሚገባውን ሰው ታያለች።

መጸዳጃ ቤቱን አንዳንድ ሰው ሊናገርበት ያፍራል፤ እኛ ግን በዚህ ገጽ ስለ ቤተሰብ ጤና ስንጽፍ የማናፍርበትን ልማድ ይዘናል። በክረምት ሌሊት፥ በጭቃ ላይ፥ በጨለማ ወደ ሩቅ መጸዳጃ ቤት የምትሄድ አሮጊት በቤቷ ውስጥ ካለው ከማናቸውም ነገር ይልቅ ለውድቀት የቀረበች ናት። ከውድቀቱ ፍርሃት የተነሣም ከቀትር በኋላ ውኃ መጠጣት የሚያቆሙ አሉ፤ ይህም ሌላ በሽታ ያመጣል። መንገዱ ድንጋይ የተነጠፈበት ይሁን፤ ከቤቱ በር እስከዚያ ድረስ በወገብ ልክ የተዘረጋ አግዳሚ እንጨት ይኑር፥ እጇ እርሱን ይዞ ይሄዳል። በጕድጓዱ ላይ መቀመጫ ይሠራ፤ መሐሉ የተበሳ ጠንካራ ወንበር ይበቃል። ለሌሊት ግን ከአልጋው አጠገብ ፖፖ ማኖርና ማለዳ ያለ ማጕረምረም ማውጣት ከሁሉ ይሻላል።

የምሥራቁን ግድግዳ ባዶ ተዉት። ለጸሎት የምትቆመው ወደዚያ ነው፤ ሥዕሏም የሚሰቀለው በዚያ ነው። አልጋው ወይም ሣጥኑ በዚያ በኩል የቆመ እንደ ሆነ ቤቷን ሠራችሁላት እንጂ የምትቆምበትን አልሰጣችኋትም። ጧፏን የምታበራበትን ስፍራ ከመጋረጃና ከጭድ አርቃችሁ በድንጋይ ወይም በቆርቆሮ ሰሌዳ አበጁ። የኤሌክትሪክ መብራቱ ማብሪያ ከበሩ አጠገብ ብቻ ሳይሆን ከአልጋው ራስጌም ይኑር፤ መብራት በሚጠፋበትም ሌሊት የእጅ ባትሪ ከትራሷ ሥር አይታጣ።

አሁን ከጭቃው ይልቅ ወደሚከብደው ነገር እንግባ፤ ይኸውም ወንድማማቾች ስለዚህች ቤት ስለሚጣሉበት ነገር ነው። ብዙ ጊዜ መሬቱ በደባርቅ ያለው የአንዱ ልጅ ይሆናል፤ ገንዘቡን የምትልከው በአዲስ አበባ ወይም በዓረብ አገር ያለችው እኅት ትሆናለች፤ በየዕለቱ ምግብ የምታቀርበውና ልብስ የምታጥበው ደግሞ ምራቲቱ ናት። እናት በሕይወት ሳለች ሁሉም ዝም ይላል። ዐርባዋ ሳይወጣ ግን አንዱ «በመሬቴ ላይ ነው» ይላል፤ ሌላዋ «በገንዘቤ ነው» ትላለች፤ ምራቲቱን ግን የሚጠይቃት የለም። በጀርመንና በኦስትሪያ ገበሬዎች ዘንድ አልተንታይል የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ሽማግሌው ገበሬ እርሻውን ለልጁ ሲያስረክብ በግቢው ውስጥ ወደ ትንሽ ቤት ወይም ወደ ተለየ ክፍል ይዛወራል፤ በዓመት ስንት እህል፥ ስንት ወተት፥ ስንት የማገዶ እንጨት እንደሚሰጠውም በውል ይጻፋል። በጃፓንም ኢንክዮ በሚባለው ልማድ የቤቱ አባወራ ሥልጣኑን ለወራሹ ለቅቆ፥ በአንዳንድ አገር ቤት በዚያው ግቢ ወዳለ ትንሽ ቤት ይወጣል። ለእናት የሚሰጠውን ወተት በውል መጻፍ ለእኛ ጆሮ ይቀፋል፤ እኛም አንወደውም። ነገር ግን ያ የጀርመን ገበሬ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ያልተነገረ ነገር በሁለት ሰው ልብ ውስጥ ሁለት መልክ እንዳለው ነው።

ስለዚህ መሠረቱ ሳይቆፈር ልጆቹ ሁሉ፥ በሩቅ ያሉትም በስልክ፥ በሁለት ሽማግሌዎችና በንስሐ አባታቸው ፊት ይነጋገሩ። ቤቲቱ ከእናት በኋላ የማን ትሆናለች? ገንዘብ የላከችው እኅት ምን ይታሰብላታል? እናት በታመመች ጊዜ የሚያስታምመው ማን ነው፥ የአስታማሚውን ወጪስ ማን ይሸፍናል? ምራቲቱስ ለሥራዋ ዕረፍት የምታገኘው መቼ ነው፤ ከእኅቶች አንዷ በዓመት አንድ ወር መጥታ አትተካትምን? ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደንግጓል፤ ከዚያም ወዲህ የወጡት የቤተሰብ ሕጎች ይህንኑ አጽንተዋል። ሆኖም በፍርድ ቤት የተቈረጠ ቀለብ ለእናት ጕሮሮ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ሁሉም ያውቀዋል። በከተማ ክልል ውስጥ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ሳይዝ አይጀምር፤ የሚፈርስ ቤት ውስጥ እናትን ማስገባት ከሁሉ የከፋ ነው።

እናቲቱን ራሷን ሳይጠይቁ የሚሠሩ ልጆች ይገርሙናል። ድንገት ደስ እናሰኛት ብለው ይሆናል። እርሷ ግን ስልሳ ዓመት ቤት ያስተዳደረች ሴት ናት፤ ጎታዋ የት እንደሚቆም፥ በሯ ወዴት እንደሚከፈት፥ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ከአናጢው ይልቅ ታውቃለች። ደግሞም ከድሮው ቤቷ ይዛው የምትመጣው አንድ ነገር አይጠፋትም፤ አሮጌ በርጩማ፥ የወይራ ምሰሶ፥ የእናቷ ሙዳይ። ለዓይን የማይረባ ቢመስልም ቦታ ይለቀቅለት። ከተቻለም የድሮው ቤት በር ተነቅሎ ለአዲሲቱ ቤት ይዋል፤ በጨለማ እጇ የሚያውቀው በር እርሱ ነው።

የቀረው የጊዜው ነገር ነው። ሥራው በጥቅምት ዝናቡ ካቆመ በኋላ ይጀመር። መሠረቱና ግድግዳው እስከ ኅዳር አጋማሽ፥ ክዳኑ እስከ ታኅሣሥ መግቢያ ሊደርስ ይችላል። የመጀመሪያው ምርግ ሲደርቅ መሰነጣጠቁ አይቀርም፤ በዚያው ላይ ቀጭን ሁለተኛ ምርግ ይደገማል፥ ኖራውም ከዚያ በኋላ ይቀባል። ልጆች ለገና እናስገባት ብለው ይቸኵላሉ፤ ነገር ግን እርጥብ ግድግዳ ከውጭው ውርጭ ይልቅ ደረትን ይጎዳል። መስኮቱና በሩ ቀን ቀን ተከፍተው፥ መዳፍ በግድግዳው ላይ ሲያርፍ ቅዝቃዜው እንጂ እርጥበቱ የማይሰማ እስኪሆን ይቆይ። ይህም በደባርቅ አየር ከጥምቀት በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ የካቲት ይዘልቃል። ጎረቤቶች «ቤት ለእንቦሳ» ለማለት እስከዚያ ይጠብቃሉ።